ጋሼ ከተማዋን ሲመረምር

ሰኞ

ጋሼ ዛሬ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። «እዚያ ከተማ ታክሲ የሚያራግፈው የት ነው?» ዳቦ እየደረደርኩ ነበር። ታክሲ ብዙም የለም፣ አውቶቡስ ነው ያለው አልኩት። «ታክሲ ከሌለ ሰው የለም ማለት ነው» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ሰው የለም ይለኛል፣ ኮሌጅ ያለበትን ከተማ።

ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ። አሜሪካ ካለ አንድ ኮሌጅ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ፣ በሒሳብ፣ ሙሉ የትምህርት ዕድል አግኝቻለሁ። እመጣለሁ ወይም አልመጣም ብዬ እስከ ዓርብ መመለስ አለብኝ። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ከሆሳዕና አምጥቶኝ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ፣ ሱቁ ውስጥ እያኖረ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሳይመርቀኝ በምን አንጀቴ እሄዳለሁ? ይህን ደግሞ አሳምሮ ያውቃል። እሺም አይል፣ እምቢም አይል፤ ይጠይቃል ብቻ።

የሚጠይቀውም እንደ ነጋዴ ነው። የኛ ሰው አዲስ ሰፈር፣ እኛ እንደምንለው አዲስ ሎኬሽን፣ ሱቅ ሊከፍት ሲያስብ ዘሎ አይገባም። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ሄዶ ይቆማል። ስንት አዲስ ቤት እየተሠራ እንደሆነ ያያል፣ ታክሲ የት እንደሚያቆም ያያል፣ ሌላ የሐበሻ ሱቅ ምን ያህል እንደሚርቅ በእርምጃ ይለካል፣ ስለ ሌባ ያጠያይቃል። ጋሼ በዚህ ሙያ ስም አለው። ከጆሃንስበርግ ሌላ ጫፍ፣ ከዛንድስፕሩት ድረስ መጥተው «እስቲ ቦታውን እይልን» ብለው ይወስዱታል። አሁን የኔን ኮሌጅ በዚሁ ዓይኑ እያየው ነው። ስኳር ልሸጥ የምሄድ መስሎታል።

ማክሰኞ

«ስለ ከተማዋ ሁሉንም በወረቀት ጻፊና ዓርብ ሽማግሌዎቹ ፊት ታነቢዋለሽ» አለኝ። ሽማግሌዎቹ የቤተ ክርስቲያናችን ጋሽ ጴጥሮስና ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ የሚቀመጠው ሰው ሲያገባ ወይም ሲጣላ ነው። ላገባ ነው እንዴ ስለው «ከማግባት ይከብዳል» አለ። ይሁን።

ከምሳ በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ስለ ከተማዋ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የጻፍኩት ይህን ነው፦

– ትንሽ ናት፣ ግን በፍጥነት እያደገች ነው። በምሥራቅ በኩል የበቆሎ እርሻ የነበረው ሁሉ ቤት እየተሠራበት ነው።
– ኮሌጁ መሐል ላይ ነው። አንድ ዋና መንገድ አላት፤ መጽሐፍ ቤት፣ ፒዛ ቤት፣ ፀጉር ቤት።
– ባቡር ያልፍባታል፣ አይቆምባትም።
– ነዋሪዎቹ ኪራይ ተወደደ፣ መኪና በዛ እያሉ ያማርራሉ። ያላቸው ሦስት የትራፊክ መብራት ነው። ጆሃንስበርግን አንድ ቀን ቢነዱባት ምን ሊሉ ነው?
– ብዙ ሰው በሩን አይቆልፍም።

አነበብኩለት። ሌላውን ሁሉ ሰማና በር አይቆለፍም የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝ። አሥራ አንድ ዓመት በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ዕቃ ሲያቀብል የኖረ ሰው ነው። «በሩን የማይቆልፍ ከተማ የለም። ቦታ የሚያከራይ ሰውም እንደዚህ ነው የሚለው።» ሰረዝኩት።

ቤት እየተሠራ መሆኑን ግን ወደደው። «የሚያድግ ቦታ ጥሩ ነው፣ ለአዲስ ሰው ቦታ አይጠፋም» አለ። ድል አደረግሁ ብዬ ሳልጨርስ «ተማሪው ለዕረፍት ሲበተን ማን ይቀራል?» አለ። ገበሬዎችና አዛውንቶች አልኩት። «አየሽ?» አለ። ምን እንዳየሁ እኔ እንጃ።

ረቡዕ

ኮሌጁ ኢሜይል ልኳል። ኮሮናው ካልቀነሰ የመጀመሪያዎቹ ወራት ትምህርት በኢንተርኔት ሊሆን ይችላል ይላል። የቪዛ ቀጠሮም ገና እንደተዘጋ ነው። የኔ ጥፋት ለጋሼ መንገሬ ነው።

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ? እዚሁ ሆነሽ ተማሪ።»

እዚሁ የት? በቀን ሁለቴ መብራት በሚጠፋበት? አንዱ ዳቦ፣ አንዱ የስልክ ካርድ እያለ በሚጠራኝ ፍርግርግ ሥር? ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩት፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ጎጎ የምንላት አሮጊት ደንበኛችን ማስኳን አገጯ ላይ አንጠልጥላ ደረሰች። ምን ሆናችሁ ስትል ነገርኳት። «ልጅቷን ልቀቃት፣ ማይ ፍሬንድ» አለችው፤ የሰፈሩ ሰው ሐበሻ ባለሱቅን ሁሉ የሚጠራው እንዲህ ነው። ሳቀላት። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ለምኜ ፈገግታውን አላየሁም።

ከዚያ «ያ ረጅሙ ልጅስ፣ ከአገሩ አልተመለሰም?» ብላ ጠየቀች። ታምራትን ነው። የአጎታችን ልጅ ነበር፤ እስከ ጥር ድረስ ሱቁን ከኛ ጋር ይሠራ ነበር። ኮሮና በዘጠኝ ቀን ወሰደው። ሆስፒታል ገብተን እንድናየው አልተፈቀደም፤ አስከሬኑን ወደ አገር መላክም አልሆነልንም። እዚሁ ቀበርነው። እናቱ ሆሳዕና ሆና በስልክ አየች። ጋሼ ለጎጎ ዳቦዋን አቀበላት። ከቀብሩ ወዲህ የታምራትን ስም አንሥቶ አያውቅም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል።

ሐሙስ

አስቴር የምትባል ሴት አገኘሁ። የዱራሜ ልጅ ናት፤ በስልክ ከምንካፈለው የጸሎት ኅብረት አንዷ እኅት ናት ያገናኘችኝ። እዚያች ከተማ ስድስት ዓመት ኖራለች፤ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ከተማዋን ታሞግስልኛለች ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ደወልኩ።

«እውነቱን ልንገርሽ ወይስ ደስ የሚልሽን?» አለችኝ። እውነቱን አልኩ፣ ሳላስብ።

እሑድ አውቶቡስ የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰዉ ደግ ነው፣ መንገድ ላይ ፈገግ ይልልሻል፣ ግን ቤትሽ አይመጣም፣ ቤቱም አይጠራሽም። ሐበሻ እሷ፣ ባሏና ሁለቱ ልጆቿ ብቻ ናቸው። በአማርኛ የሚሰበክበት ቤተ ክርስቲያን በመኪና ሁለት ሰዓት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ያለቀሰችውን ያህል በሕይወቷ አልቅሳ አታውቅም። «ግን ይለመዳል» አለች መጨረሻ ላይ፤ ይህቺን ደስ እንዲለኝ የጨመረቻት መሰለኝ።

አሁን ይሄ ይጻፋል? ከጻፍኩት ጋሼ አበቃ ነው የሚለው። መጀመሪያ ግማሹን ብቻ ጻፍኩ፤ ብርዱንና አውቶቡሱን። ከዚያ ደግሞ እሱ ለሰው ቦታ ሲያይ አንድም ቀን እንዳልዋሸ ትዝ አለኝ። ተናድጄ ሁሉንም ጨመርኩት። በራሴ ላይ ምስክር ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ዓርብ

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግተን አራት ወንበር አራርቀን አስቀመጥን። ሁሉም ማስክ አድርገዋል። ጋሽ ጴጥሮስ ረጅም ጸሎት ጸለዩ፤ ሰዓቴን ሦስት ጊዜ አየሁ። ከዚያ ቆሜ አነበብኩ። የብቸኝነቱ ክፍል ላይ ስደርስ ቶሎ ቶሎ አልኩት።

ጋሽ ጴጥሮስ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው ወደ ጋሼ ዞሩ።

«ያቺን ሴት ዛሬ ጠዋት ደውዬላት ነበር» አለ። ቁጥሯን ከስልኬ ወስዶ ነው። «ስለ ቤቱም ስለ አውቶቡሱም አልጠየቅኳት። እኅቴ እዚያ ብትሞት ማን ይቀብራታል አልኳት።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ልማር ነው የምሄደው ወይስ ልቀበር?» አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ።

ጋሼ መሬት መሬቱን ያያል። «ታምራትን አምስት ሆነን ነው የቀበርነው» አለ። «ፊቱን ሳናይ። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ቦታውን አይቼ፣ ጥሩ ነው ና ብዬ እኔ ነኝ የጠራሁት። እናቱን ምን እንደምላት እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ለካ ሳምንቱን ሙሉ ያቺን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ፈርቶ ነው በታክሲና በትራፊክ መብራት ያደረቀኝ።

«ሴትየዋ ምን አለችህ?» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

«አለቀሰች። ከዚያ እኔ እቀብራታለሁ አለች። እኛስ ብንሞት ትቀብረናለች ወይ ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። እነሱም ሰው የላቸውም።» አፍንጫውን ጠረገ። «ትቀብራችኋለች ብያታለሁ።»

እኔን ሳይጠይቅ። አይቻት የማላውቃትን ሴት ከነባሏ እንደምቀብር በኔ ስም ቃል ገብቷል። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፣ የመጣው ግን ለቅሶ ነው። ጋሽ ጴጥሮስ «እንግዲህ ዕድር ገብታለች፣ ምን ቀረ?» ብለው ተነሡ። ጋሼ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ መረቀኝ፤ ረጅም ምርቃት ነው፣ ግማሹን በሀድይኛ።

እመጣለሁ ብዬ ለኮሌጁ መለስኩ። ቪዛው ይከፈት አይከፈት፣ ትምህርቱ በአካል ይሁን በስልክ፣ ምንም የማውቀው የለም። አሁን ደግሞ አስቴር መልእክት ልካለች። «የበረዶ ጫማ ቅናሽ ላይ ነው። የእግርሽ ቁጥር ስንት ነው?» በዚህ አገር ቁጥር አምስት ነው አልኳት፤ በእነሱ አገር ስንት እንደሚባል ግን እንጃ።