ከውጭ የተመታው ቆርቆሮ

ጥቅምት 6

ስድስት አንሶላ፣ አራት የትራስ ልብስ አጠብኩ። ፀሐዩ ደህና ነበር፤ ቶሎ ደረቁ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ዕቃዋን በጭነት መኪና አምጥታ አባቷ ወርክሾፕ ውስጥ አራገፈች። ኮምፕሬሰር፣ የብረት ጠረጴዛ፣ ሻንጣ የሚያህል ቀይ ማሽን። ፕላዝማ ነው የሚሉት። "ብረት በመብረቅ የሚቆርጥ በይው፣ እማዬ" አለችኝ። ከቅጥር ሥራዋ ለቃ በራሷ ልትሠራ ነው፤ በርና አጥር።

አባቷ ከሞተ ጀምሮ አራት ዓመት የተዘጋ ክፍል። ቁልፉን የሰጠኋት ዓይኗን ሳላይ ነው። ለምን? ... ለምን እንደሆነማ አውቃለሁ።

ጥቅምት 9

ዛሬ የመጀመሪያውን ላሜራ ቆረጠች። ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ከዚያ ጭሱ... ክፍሉን ሞልቶ በበሩ ወጣ። እሷም እያሳለች ወጣች።

"ግድግዳው ላይ ያለው ማራገቢያ ይዞራል እንጂ አይስብም። ሞተሩ ደክሟል መሰለኝ።"

"ይሆናል" አልኩ።

ይሆናል! ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ?

ጥቅምት 10

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

ማራገቢያው ጭሱን የሚተፋበት ቀዳዳ በጓሮ በኩል ነው፤ ልክ የልብስ ማስጫ ገመዴ ላይ። የዛሬ ሰባት ዓመት የማጥብለት እንግዳ ማረፊያ አንሶላ ጥላሸት እየነካው ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። የማረፊያው ባለቤት "አንዴ ቢደገም ሌላ አጣቢ እፈልጋለሁ" አለችኝ። ለባሌ ነገርኩት። "ነገ ቧንቧ ሠርቼ ወደ ላይ አወጣዋለሁ" አለ። ነገ... ነገ... አንድ ቀን ብረት ሊገዛ ሲወጣ ቁራጭ ቆርቆሮ አንሥቼ ቀዳዳው ላይ በአራት ምስማር መታሁት። ፊት ለፊቱ አንሶላ ይንጠለጠላል፤ ማን ያየዋል? ቧንቧውን እስኪሠራ ነበር ሐሳቤ። አንሶላዬ ግን ነጣ። እኔም ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት።

"ይሄ ማራገቢያ እንደ እኔ ደክሞታል፣ አንቺ ሴትዮ" እያለ ይቀልድ ነበር። እስቅለት ነበር። ከሥራ ሲወጣ ወተት እሰጠዋለሁ፤ በያጆች ወተት ጭስ ያጥባል ይላሉ። በአንድ እጄ አፍኜው በሌላው ወተት...

ሐኪሙ "ሳንባው ነው" ብቻ አለ። ሠላሳ ዓመት የበየደ ሰው ነው፤ ሲጋራም ያጨስ ነበር። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ነገርኩት? ከሞተ በኋላም ቆርቆሮውን አላነሣሁትም። ለግድግዳው ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማሰጣው።

ጥቅምት 11

ልጄ አዲስ ሞተር ልትገዛ ስትወጣ መዶሻ ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ምስማሮቹ ዝገው አልነቀል ቢሉኝም በመከራ አወጣኋቸው። ከቆርቆሮው ጀርባ ጥላሸቱ ጣት ያህል ወፍሮ ተጋግሯል። ቆርቆሮውን እንጨት ክምር ሥር ከተትኩት።

መጥታ አሮጌውን ሞተር ከመፍታቷ በፊት አንዴ አስነሣችው።

"እማዬ! ሳበ! አባዬ መጥቶ ነክቶት ነው!"

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እንደዚያ ሳቅ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

ጥቅምት 15

ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጩ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ገዛሁ። ስለ ብረት ሠራተኞች ጤና ነው። ቀስ እያልኩ ነው የማነበው። ፊደል የለየሁት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ፣ በሳሙና ካርቶን ላይ ነውና ረጅም ቃል አሁንም ያደናቅፈኛል።

ማራገቢያ ብቻውን አይበቃም ይላል፤ በሌላ በኩል ንጹሕ አየር መግቢያ ካላገኘ የሚስበው የለውም። ጭሱ ከሠራተኛው ፊት እየራቀ መሄድ አለበት እንጂ በፊቱ ማለፍ የለበትም። ከሚቆረጠው ብረት ሥር የውሃ ገንዳ ቢኖር ብዙውን ብናኝ ይይዛል። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲቆረጥ ደግሞ ጭሱን የሳበውን ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ እያለው ያተኩሰዋል። ከእረፍት በተመለሱበት ቀን ይብሳል።

ባሌ ሰኞ ሰኞ ይንቀጠቀጥ ነበር። "የሰኞ ስንፍናህ መጣ" እለው ነበር...

ለልጄ አነበብኩላት። "እናቴ ኢንጂነር ወጣት!" ብላ አሾፈችብኝ። ግን ሁለቱንም የበር መዝጊያ ከፈተች፤ ገንዳም ሠርታ ጠረጴዛው ሥር አስገባች፤ ማጣሪያ ያለው ማስክ ገዛች።

ጥቅምት 22

የአባቷ የድሮ ደንበኛ በር ሊያሠራ መጥቶ ስለ እሱ አነሣ። "እጁ ወርቅ ነበር" አለ።

"እጁስ ወርቅ ነበር። ግን ራሱን በራሱ ነው የጎዳው። ማራገቢያው አይስብም እያለ አንድ ቀን ወጥቶ አላየውም። ለራሱ ሲሆን ሰነፍ ነበር አባዬ" አለችው ልጄ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ሞቶም የኔን ጥፋት ይሸከምልኛል።

ጥቅምት 23

ነገርኳት። ቆርቆሮውን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

"ምንድን ነው?"

"ሞተሩ አልደከመም ነበር። እኔ ነኝ ከውጭ የደፈንኩት። አንሶላ እንዳይቆሽሽ ብዬ።"

ገለበጠችው። ጥላሸቱ ጣቷ ላይ ቀረ።

"አባዬ ያውቅ ነበር?"

"አያውቅም።"

"እኔስ? የዚያን ቀን እያሳልኩ ስወጣ... 'ይሆናል' አልሽኝ እኮ።"

ስለ አባቷ የምመልሰው አዘጋጅቼ ነበር። ስለ እሷ ግን አላሰብኩም ነበር።

"ለአንሶላ!" አለች። ወርክሾፑን ቆልፋ ሄደች።

ጥቅምት 24

አልመጣችም።

ጥቅምት 27

አልመጣችም። ስልክም አታነሣም። የልብስ ገመዴን ፈትቼ ወደ ፊት ለፊቱ ግቢ አዛወርኩት። ሁለት ምስማር፣ ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ብቻ!

ኅዳር 3

መጣች። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

"ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም። ገና አላውቅም።"

"አትበይ፣ ልጄ።"

"ሥራው ግን አለ። እኔ ማስክ ውስጥ ሆኜ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ አላይም። አንቺ በሩ ጋ ትቀመጫለሽ። ጭሱ ወደ ፊቴ ሲዞር ካየሽ መብራቱን በሩ ጎን ካለው ብሬከር አጥፊው፤ ማሽኑም ይቆማል። እኔን ሳትጠይቂ። ብቻ ዝም እንዳትይ።"

አልተቃቀፍንም። ሄዳ ሥራዋን ጀመረች። በርጩማ ይዤ ተከተልኳት።

ኅዳር 11

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረ። ማራገቢያው የሚተፋውን ጭስ መልሶ ወደ ውስጥ ይነፋው ጀመር። የድሮው ደንበኛ በሩን ሊወስድ መጥቶ ሰዓቱን ያያል፤ ልጄ ጎንበስ ብላ የመጨረሻውን ቁራጭ ትቆርጣለች። ጭሱ ትከሻዋ ላይ ደረሰ። አንገቷ ላይ...

አጠፋሁት።

ማስኳን ገልብጣ ወጣች። "ምን ሆንሽ? አንድ ጣት ያህል ነበር የቀረኝ!"

"ነፋሱ ዞሯል! ጭሱ እየተመለሰብሽ ነው!"

ድምፄ ግቢውን ሞላው። ራሴም ደነገጥኩ።

ደንበኛው ሳቀ። "እናትሽ ናቸው እንዴ አለቃሽ?"

ቀና ብላ ክፍሉን አየችው። ጭሱ ጣሪያው ሥር ተኝቷል።

"ይጠብቁ" አለችው።

ጭሱ እስኪጠራ እሱም ጠበቀ፣ እኛም ጠበቅን። ከዚያ ጠረጴዛውን ለሁለት ገፍተን ንጹሕ አየር ወደሚገባበት በር አስጠጋነው። ማስኳን አጠለቀች።

"አሁንስ?" አለችኝ።

ዙሪያውን አየሁ። ተነሥቼ ጓሮ ድረስ ሄጄም አየሁ።

"አሁን ይቻላል" አልኳት።

"አብሪው።"

አበራሁት።