የአንድ ሰው ውኃ

ውድ እታለም፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ አልጀምርም፤ ደህንነትሽን በየእሑዱ በስልክ እሰማዋለሁ። አንቺ «ደህና ነኝ» ትያለሽ፣ እኔም «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ባልሽ ከጀርባ «ሰላም በይልኝ» ይላል፣ ከዚያ ስለ ፀሐዩና ስለ ዝናቡ ትንሽ አውርተን እንዘጋለን። ልነግርሽ ያሰብኩት ሁሉ ትዝ የሚለኝ ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። ስለዚህ እስኪርቢቶ አነሳሁ። ደብዳቤ ላይ ከጀርባ ሰላም በይልኝ የሚል የለም፤ አንቺም መሀል ላይ ገብተሽ አታቋርጪኝም።

የምጽፍልሽ ስለ ውኃ ነው። ሳቂ፣ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ለካ ለወንዝ ብቻ አይደለም።

አንቺ አግብተሽ ከዚህ ቤት ከወጣሽ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው የውኃ ቢል ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር። ተሳስተው ይሆናል ብዬ ከፈልኩ። የሚቀጥለው ከዚያም ባሰ። ሁለት ነበርን፣ አንድ ሆንን፤ ያውም ጠጉሯን ለመታጠብ ግማሽ ቀን የምትፈጀው ሄዳለች። ታዲያ ወደ ታች መውረድ ሲገባው እንዴት ወደ ላይ ይወጣል? ላንቺ ትንፍሽ አላልኩም። «ገና ከመውጣቴ ቤቱ አቃታት» እንዳትይ ፈራሁ። ኩራት በይው።

ለማሙሽ ግን ነገርኩት። ታናሽ ወንድማችን መላጣና የልጆች አባት፣ የመሥሪያ ቤቱም የሒሳብ ሹም ከሆነ ቆየ፤ እኛ ዘንድ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ማሙሽ ነው። መጥቶ መነጽሩን አደረገና ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። ቧንቧ ከፍተሽ ትረሺያለሽ አለኝ። አልረሳም አልኩት። ብቻውን የሚኖር ሰው እኮ ይረሳል አለ፤ እንደ ሐኪም ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ከሄደ በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን አየሁት። ዝግ ነበር። ተመልሼ ደግሜ አየሁት።

ከዚያ ዘመቻ ጀመርኩ። ገላዬን በሳፋ መታጠብ፣ የዕቃ እጣቢውን ለአበባዎቹ፣ የልብስ እጣቢውን ለሽንት ቤት። ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል አብራኝ የምትሠራው ልጅ መክራኝ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ውኃ የሞላ ጠርሙስ አስቀመጥኩ፤ በተለቀቀ ቁጥር ያን ያህል ይቆጥባል አለችኝ። አንሶላ በየሳምንቱ ማጠቡን ተውኩ። ያንቺን አልጋ አንሶላማ ጭራሽ አነሳሁት፣ ማን ሊተኛበት ብዬ። ፍራሹ ራቁቱን ሲቀር ክፍሉ ውስጥ መግባት ስላስጠላኝ በሩን ዘጋሁት።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን እሑድ እሑድ ጠጉሯን ልትታጠብ ትመጣ የለ፣ የእነሱ ቧንቧ ጉልበት ስለሌለው? አንቺ ከሄድሽም በኋላ አልተወችኝም ነበር። አንድ እሑድ ራሷን በአረፋ ሞልታ፣ ቧንቧው እንደተከፈተ፣ ስለ አንዲት አስቸጋሪ ደንበኛዋ ስታወራኝ ዓይኔ ከእሷ ላይ ተነሥቶ ቧንቧው ላይ ተተከለ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ነገር በዓይን ይገባል፤ ወሬዋን ሳትጨርስ ጠጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች፣ በሚቀጥለው እሑድም አልመጣችም። ውኃ ቀጠነ ብዬ የነበረችኝን አንዲት ሰው አባረርኩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ራት ስበላ ሬዲዮኑን ከፍ አደርገዋለሁ። ዜና አንባቢው ደህና እደሩ ሲል «አሜን፣ አንተም ደህና እደር» እለዋለሁ። ይህን ለማሙሽ እንዳትነግሪው።

ቧንቧ ሠራተኛም ጠራሁ። የወጥ ቤቱንም የመታጠቢያ ቤቱንም ቧንቧ ጎሚኒ የሚሉትን ላስቲክ ቀየረ፣ የሽንት ቤቱን ተንሳፋፊ ኳስ አስተካከለ፣ ከእንግዲህ ጠብ አትልም ብሎኝ ሄደ። እውነቱን ነው፣ ጠብ አላለችም። ቢሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

ማሙሽ በዚያ ሰሞን መጥቶ ቁርጡን ነገረኝ። «እትዬ፣ ይሄ ቤት እየበላሽ ነው። የሚቀጥለውም እንዲህ ሆኖ ከመጣ እናከራየውና እኔ ጋ ትገቢያለሽ። የኋላውን ክፍል አጸዳልሻለሁ።»

ልጁ ክፋት የለውም፣ አውቃለሁ። የኋላውንም ክፍል አውቀዋለሁ፤ የተሰበረ ብስክሌትና ልጆቹ ያደጉበት አልጋ የተከመረበት ነው። እዚያ ከገባሁ ቀስ በቀስ እኔም ከተከመሩት አንዷ እሆናለሁ። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። ይህ ቤት ለሰው ከተሰጠ፣ አንድ ቀን ድንገት መምጣት ቢያምርሽ የማንን በር ታንኳኪያለሽ? እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነበር።

ከሥራ አስፈቅጄ ውኃ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ «ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ፣ እማማ?» አለችኝ። እማማ መባሌን እንደምንም ዋጥኩት። አንድ አልኳት። አልሰማችኝም መሰለኝ ደግማ ጠየቀችኝ፣ እኔም ደግሜ ተናገርኩ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ የሰሙኝ መሰለኝ።

ልጅቷን ለማግባባት ያህል አመሰገንኳት። ድሮ ማታ ማታ ትዘጉብን ነበር፣ አሁን ግን ሌሊቱን ሙሉ ውኃ አለ፣ ተመስገን አልኳት። ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችኝ።

«እናንተ ሰፈር እኮ ማታ ውኃ ተዘግቶ አያውቅም» አለችኝ።

ተከራከርኳት። ስንት ዓመት በባልዲ እየቀዳን ነው ያደርነው፣ እኅቴ እኮ ናት የነገረችኝ አልኳት። አጠገቧ ያሉትን ሸምገል ያሉ ሰውዬ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም «በፍጹም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ልጅቷ አዘነችልኝ መሰለኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቤት ሲገቡ ቧንቧውን ሁሉ ይዝጉና ቆጣሪውን ይዩት፣ ሁሉ ተዘግቶ እሱ ከዞረ ውኃው ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነው አለችኝ።

ቆጣሪውን ይዩት ስትለኝ ማፈሬን ልንገርሽ። በዚህ ዕድሜዬ የቤታችንን ቆጣሪ አይቼው አላውቅም። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ከደጃፉ ወዲያ ያለው ያንቺ፣ ከደጃፉ ወዲህ ያለው የእኔ አልነበር? አጥሩ፣ የግቢው በር፣ ሎሚው ያንቺ። ምድጃው፣ ጓዳው፣ መጋረጃው የእኔ። ተስማምተን የተከፋፈልነው እንኳ አይደለም፤ እንዲያው ሆኖ ቀረ። ቢሉ ሲጨምር ቤት ውስጥ ያለውን ጠብታ ሁሉ ሳሳድድ፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ውጭ ልይ አላልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ዘጋግቼ ወጣሁ። ከሎሚው ሥር፣ ድንጋይ የተጫነበትን ቆርቆሮ አነሣሁ። ከመስተዋቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀይ መዘውር ትዞራለች። ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል ቀስ ብላ ትዞራለች። አጠገቧ መዝጊያው አለ። ሁለመናው ዝጓል፤ ጣት የሚይዘው ቦታ ብቻ ያበራል። ከሥሩ ደግሞ የጓዳ ጨርቄ ተጣጥፋ ተቀምጣለች። ያቺ ቀይ መስመር ያላት፣ ጠፋችብኝ ብዬ ቤቱን ያተራመስኩባት፣ አንቺ በጎረቤት ድመት ያሳበብሽባት። በጨርቋ መዝጊያውን ይዤ አጠበቅኩት። መዘውሯ ቆመች።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ማታ ማታ «ውኃ ሊዘጉ ነው» ብለሽ ባልዲውን ትሞዪና «ነፋስ ልቀበል» ብለሽ ትወጪ ነበር። የሚዘጋው ሰው አንቺ ኖርሻል። ጠዋት ከእኔ ቀድመሽ የምትነሺውም ለዚሁ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ካገባሽ ወዲህ፣ እነዚያ ምሽቶች ሁሉ የባልሽ ነበሩ ብዬ ደምድሜ ነበር። የጭነት መኪናውን ከግቢያችን ዝቅ ብሎ ያቆም የለ? ከእኔ ጋር ተቀምጣ ልቧ ግን ውጭ ነበር እያልኩ፣ ያለፈውን ዓመት ሁሉ ወደ ኋላ እየተመለስኩ ሳዝንበት ከረምኩ። እርግጥ እግረ መንገድሽን ሾፌሩንም አይተሽ ይሆናል። እህል ውኃችሁ ነው፣ እሱን አልጠይቅሽም። ግን ለእኔም ትወጪ ነበር። ይህን ባላውቅ ኖሮ እስከ መቃብሬ ቂም ይዤብሽ እሄድ ነበር።

የሄድሽ ዕለትም ትዝ አለኝ። ዕቃሽ ተጭኖ ባልሽ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀሽ፣ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመሽ «ነይማ አንዴ ወደ ውጭ፣ የማሳይሽ ነገር አለ» አልሽኝ። እጄ እርጥብ ነው አልኩሽ። እጄ ደርቆ ነበር፣ እታለም። ዓይኔ ነበር እርጥቡ፣ እንድታዪው አልፈለግኩም። ትንሽ ቆመሽ ጠበቅሽኝና ሄድሽ።

ማሙሽና ቧንቧ ሠራተኛው መጥተው ሎሚው ሥር ቆፈሩ። በበጋ እንኳ የማይደርቀው፣ «እጄ በረከት አለው» እያልሽ የምትመጻደቂበት ሣር፣ ሥሩ ያለው መሬት ጭቃ ነበር። ቧንቧው ሲገኝ ዙሪያውን በጎማ ላስቲክ ተጠምጥሟል፣ በላዩ ደግሞ በጨርቅ ታስሯል። ቧንቧ ሠራተኛው ጨርቁን ሲያጥበው ሰማያዊ ሆነ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት። ለተቸገረች ሰው ሰጠሁት ያልሽኝ ቀሚስሽ ነው። ሰውየው ማን እንዳሰረው ጠየቀ፤ ጥሩ አስሯል ግን ጨርቅ ዕድሜ አለው አለ። ማሙሽ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

«የእታለም ቀሚስ» አለ። የኋላውን ክፍል ከዚያ በኋላ አላነሣም።

ለምን አልነገርሽኝም ብዬ አልጽፍልሽም፣ ገብቶኛል። ብትነግሪኝ ለማሙሽ እነግረው ነበር፤ እሱም ቧንቧው በስብሷል፣ ቤቱ አርጅቷል፣ እንሽጠው ይል ነበር። እኔ ደግሞ ወይ ቆጣሪው ላይ ቁጭ ብዬ አድር ነበር፣ ወይ ስንጨቃጨቅ እናድር ነበር። አንቺ ግን ቀሚስሽን ቀደድሽና አፈር አለበስሽው፣ ማታ ማታም ነፋስ ተቀበልሽ።

አዲስ ቧንቧ ተቀብሯል። ሎሚው ትንሽ ከፍቶት ነበር፤ አሁን የዕቃ እጣቢውን እኔ አጠጣዋለሁ፣ ይለምዳል።

ትናንት ቢሉ መጣ። አንሷል፤ እጅግ አንሷል። ለማሙሽ ደውዬ ነገርኩት፣ ጀግና ነሽ አለኝ፣ ቤቱም ቤታችን ሆኖ ቀረ። ደስ ሊለኝ ይገባል። ስልኩን ዘግቼ ወረቀቱን እንደገና አየሁት፣ የቀረ ነገር ያለ ይመስል ገልብጬም አየሁት። የለም። አንድ ሰው ወሩን ሙሉ የሚጠጣውና የሚታጠበው፣ የሚያበስልበት ውኃ ይህችው ናት። ያን ሁሉ ወራት ስናደድ፣ ለካ ቤቱ ሰው የሞላበት ቤት ያህል ቢል ይመጣለት ነበር። አሁን እውነተኛው መጣ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቢል ስለ ቀነሰለት የሚያለቅስ ሰው ካየሽ እኔ ነኝ።

ፊቴን ታጥቤ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩ። ይቅርታ መጠየቅ ስለማልችልበት፣ ሻምፖ ገዝቻለሁ እሑድ ነይ አልኳት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «የቧንቧው ጠባቂ ፈቀደ?» አለችኝ። ፈቀደ አልኳት። ዛሬ መጥታ የዚያችን ደንበኛዋን ወሬ ከመጀመሪያው ጀምራ ጨረሰችልኝ።

እሷ ከሄደች በኋላ ክፍልሽን ከፈትኩ። አንሶላዎችሽን ሁሉ አጥቤ አሰጣኋቸው፣ ሲደርቁ አነጥፋቸዋለሁ። እታለም፣ ናፍቀሽኛል። በስልክ ደህና ነኝ የምልሽ ውሸቴን ነው። መጥተሽ ትንሽ ክረሚ። ባልሽንም ይዘሽው ነይ፣ ከፈለገ ያን መኪናውን ግቢ አስገብቶ ይጠበው። አንቺም ጠጉርሽን ግማሽ ቀን ታጠቢ፣ እያንጎራጎርሽ፣ ቧንቧውን ሳትዘጊ። አንድ ቃል አልናገርሽም። እኔ ሎሚው ሥር ሄጄ፣ ቆርቆሮውን አንሥቼ፣ ያቺ ቀይ መዘውር ስትሽከረከር አያታለሁ።

በሩን ስታንኳኪ ምንም እየሠራሁ ብሆን እወጣለሁ። እጄ እርጥብ ቢሆንም እንኳ።

ናፋቂሽ፣
ታናሽሽ