ቀዩ ነጥብ ቆሼ ነበር

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሽ ነገሬ፣ ባሌ

እንደምን ከረሙ? ከብቱ፣ ንቡ፣ ያ ተናካሽ ውሻዎ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከታክሲ ሰልፉ በቀር ደህና ነኝ።

ጉድ ልንገርዎ፣ ሥራ ገባሁ! ጦር ኃይሎች ካለው ቢሯችን ቁጭ ብዬ የአገሩን ደን በሳተላይት እጠብቃለሁ። እሳት ያለበት ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። በመጀመሪያው ቀን ኮልፌ ላይ ነጥብ ሳይ «ሰፈሬ ተቃጠለ!» ብዬ ጮህኩ። ለካ ቆሼ ነው! የቆሻሻው ክምር ሲግል ሳተላይቷ እሳት ይመስላታል። ቢሮው ሁሉ ሳቀብኝ፤ ይኸው ስሜ ቆሼ ሆኖ ቀረ።

አለቃችን ደግሞ በጊዜው የተለኮሰ ትንሽ እሳት ትልቁን እሳት መንገድ ያሳጣዋል ሲለን «አጎቴም እኮ የተራራውን የአስታ ቁጥቋጦ እንደዚያ ነው የሚያቃጥሉት!» አልኩ። እንዴት እንደኮራሁ!

ሐሙስ ከቤትዎ በላይ ሁለት ነጥብ ሳይ «አጎቴ ናቸው!» ብዬ ለቢሮው ሁሉ አወራሁ። ዛሬ ነጥቦቹ ቁልቁል ወደ ቤትዎ ወርደዋል፣ በዝተዋልም። ዘንድሮ በርትተዋል ማለት ነው! ስልክዎ ግን አይጠራም፤ መቼም ኔትወርክ ነው።

ባልደረባዬ ማርቆስ ቦታውን በዓይኑ ሊያይ ነገ ወደ እናንተ ይነሣል፤ ይህንንም ደብዳቤ የያዘው እሱ ነው። ውሻውን አስረው በሩን እርስዎ ራስዎ ይክፈቱለት። ከዚያ ደውሎ እንደ ቆሼው ቀን ይሳቅብኝ።

ጉልበትዎን ስሜ፣ ምርቃትዎን እጠብቃለሁ።

የወንድምዎ ልጅ ሌሊሴ
ከኮልፌ 18 ማዞሪያ