ለድንገተኛ ደስታ መምሪያ፦ እባክዎ ሳያሳውቁን አይምጡብን

ለተከበሩ ሚስተር ፕሬስተን ዌይንራይት
በታምብልቤሪ መዝናኛ ፓርክ የድንገተኛ ደስታ መምሪያ ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ለእርስዎም፣ ለባለቤትዎም፣ ለልጆችዎም፣ በዚህ ሙቀት የድብ ልብስ ውስጥ ተሸፍኖ በፓርኩ በር ላይ እጁን ሲያውለበልብ ለሚውለው ምስኪን ወጣትም ጭምር ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ ቤት ከጤና በኩል ክፉ የለም፤ የበሩ ደወል ሲጮህ ግን አራታችንም ክው እንላለን። ይህንን ደብዳቤ በፓይን ፎርክ ጋዜጣ ላይ በአደባባይ እንድጽፍልዎ ያስገደደኝም ይኸው ነው። ወደ መሥሪያ ቤትዎ ደጋግሜ ደውዬ የነገርኩት ሁሉ በጣፋጭ ድምፅ «ገብቶኛል የኔ ማር» እየተባለ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሎብኛል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ሮዛሊንድ ሃቨርካምፕ እባላለሁ፤ ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ባለቤቴ ኖርበርት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይጠግናል። ትሬቨር የሚባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለን፤ ጆሊን የምትባል የስምንት ዓመት ልጅም አለችን። ጆሊን መንግሥት በአደራ የሰጠን ልጅ ናት፤ ከእኛ በፊት አራት ቤት ኖራለች፣ ከአራቱም ተነሥታለች። አሁን በጉዲፈቻ ልጃችን ልናደርጋት የፍርድ ቤት ቀጠሮ እየጠበቅን ነው፤ በዚያን ቀን ዳኛዋ እዚህ ቤት መኖር ትፈልግ እንደሆነ ራሷን ጆሊንን ይጠይቋታል። እርስዎ ወደ ሕይወታችን የገቡት እንግዲህ በዚህ መሐል ነው።

በጸደይ ወራት ለልጆቹ የፓርክዎን ትኬት ገዛን፤ ከትኬቱም ጋር «የሽርሽሩን ዜና ለልጆችዎ የሚያበስሩባቸው ሃያ አስደናቂ መላዎች» የተባለው ውብ መጽሐፍዎ ደረሰን። ስለ መጽሐፉ ያለኝን ምስጋና በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ። «ጥርስ ሐኪም ቤት ልንሄድ ነው ብለው መኪና ውስጥ ያስገቧቸው፤ የፓርኩ በር ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ይመልከቱ» የሚለውን ምክርዎን ያላነበበ ወላጅ በከተማችን የቀረ አይመስለኝም። ባለውለታዎ ነኝ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ወደ ክሊኒካችን የሚመጡት ልጆች ፓርክ የሚሄዱ መስሏቸው የዋና ልብስ ለብሰው፣ የድብ ጆሮ አጥልቀው፣ እየዘፈኑ ነው የሚገቡት። ባለፈው ሳምንት አንዷ ከሕክምናው ወንበር ላይ ዘላ ወጥታ «ቀበቶው የታለ? መቼ ነው የሚነሣው?» ስትል ነበር። ዶክተር ሉንድኲስት መርፌውን ሲያነሡ ነው ጉዱ የገባት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የዶክተሩ ጣት ይመሰክራል። የእኛ ክሊኒክ ጥርስ እነቅላለሁ ብሎ ጥርስ የሚነቅል ቤት ነበር፤ ስማችንን ሳያስፈቅዱን ለውሸት ስለተዋሱን ከልብ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ። ትኬቱን በቁርስ ኮርንፍሌክስ ካርቶን ውስጥ ደብቁ ብለዋል፤ ደበቅን። ትሬቨር ጠዋት ጠዋት የሚበላው ዓይኑን ሳይገልጥ ነው። ኖርበርት በመመሪያዎ መሠረት ስልኩን ደቅኖ የልጁን የደስታ ዕንባ ሲጠብቅ፣ ልጁ ወተቱን አፍስሶ ትኬቱን እስከ ግማሽ አኘከው። «ይኼኛው አይጣፍጥም፤ የድሮውን ግዙ» አለና ቀና ሳይል ጨረሰ። የተበላውን ትኬት እንድትተኩልን ብንጠይቅ፣ ቸርነትዎ ወሰን የለውምና፣ መተካት ብቻ ሳይሆን ያለ ክፍያ ከፍ ወዳለው «ኮስታራው እንግዳ» ወደሚባለው አገልግሎት አሳደጉን። ይኸውም ፋይል የያዘ ኮስታራ ሰው በር አንኳክቶ ልጆቹን ካስደነገጠ በኋላ የሽርሽሩን ዜና የሚያበስርበት ነው። ያንን እንዳነበብኩ ወዲያው ደውዬ፣ እኛ ቤት ፋይል ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ቀልድ ያልሆነላት ልጅ አለች፣ እባካችሁ ማንንም እንዳትልኩ፣ ትኬቱን በፖስታ ላኩልን፣ ዓርብ ማታ እራት ላይ እኛው እንነግራቸዋለን ብዬ ለመንኩ። ገብቶኛል የኔ ማር፣ ተባልኩ።

ሦስተኛ። ኖርበርት የዕቃ መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ካላነበበ ብሎን የማይፈታ ሰው ነው፤ መጽሐፍዎንም እንደዚያው አነበበው። «ሻንጣ ካዩ ይነቃሉ፤ ልብሳቸውን በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ቋጥረው ጋራዥ ውስጥ ይሸሽጉ» የሚለው ላይ ሲደርስ፣ ሐሙስ ማታ ለእኔ እንኳ ሳይነግረኝ እንደተጻፈው አደረገ። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሁለቱንም ልጆች ካልሲ ጥንድ ጥንዱን አጣጥፎ ነው የቋጠረው።

እርስዎ ምናልባት አያውቁ ይሆናል፤ በአደራ የሚያድጉ ልጆች ከቤት ወደ ቤት ሲዛወሩ ሻንጣ የሚገዛላቸው እምብዛም ነው። ጆሊን ከአራቱም ቤት የወጣችው በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ነው። ዓርብ ጠዋት ብስክሌቷን ልታወጣ ጋራዥ ገባች፤ ከረጢቱንም አየች፤ ከላይ በኩል ቢጫ ሹራቧ ብቅ ብሎ ነበር። አላለቀሰችም። ወደ ቤት ተመለሰች፣ ጫማዋን አደረገች፣ በሩ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ፓንኬክ እየጋገርኩ ነበር። «የት ልትሄጂ ነው የኔ እናት?» ስላት «የትም» አለችኝ። የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ወደ መጥበሻዬ ዞርኩ፤ ይህንን ሳስበው አሁንም ያመኛል።

አራተኛ። ደወሉ ጮኸ። ገብቶት የነበረው መሥሪያ ቤትዎ ሰው ልኳል። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ በብብቱ ፋይል፣ አንገቱ ላይ ባጅ፤ ቪዲዮ የምትቀርጸው ወጣት ደግሞ የአበባ አጥራችን ሥር አድፍጣለች። የቤተ ዘመድ ያህል የምናውቃት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛችን እንኳ ስትመጣ ደውላ ነው፤ የእርስዎ ሰው ግን በሩ ሲከፈትለት ኮስተር ብሎ «ጆሊን የምትባለው አንቺ ነሽ? እዚህ ቤት ያለሽ ጊዜ አልቋል፤ ዕቃሽን ያዥና ተከተይኝ» አለ። በመጽሐፍዎ መሠረት ልጅቷ እዚህ ላይ አፏን ከፍታ መቅረት፣ ሰውየውም ትንሽ ቆይቶ ኮቱን ከፍቶ ድብ የተሳለበትን ካናቴራ ማሳየት ነበረበት።

ጆሊን አፏን አልከፈተችም። ጋራዥ ሄዳ ከረጢቷን እየጎተተች መጣች። እኔ ማንኪያዬን እንደያዝኩ ደንዝዤ ቆሜ ሳለሁ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ እጇን ዘረጋችልኝ። «ስላኖራችሁኝ አመሰግናለሁ። ብስክሌቱን ለትሬቨር ስጡት፤ ወንበሩ ከፍ ይላል» አለችኝና ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሰው ተሰናብቼአለሁ፤ እንዲህ አድርጎ አንጀቴን የቆረጠው ግን የለም። የስምንት ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚወጣ ያውቅበታል። ከየትኛው ቤት ምን ብሎ እንደሚወጣ፣ ሳያስቸግር፣ ሳይለምን። እርስዎ በሃያ መላ ያላስተማሩትን ነገር እሷ አራት ጊዜ ተምራዋለች።

ከእኛ መሐል መጀመሪያ የነቃው ትሬቨር ነው። «እህቴን ልቀቃት» ብሎ የፓንኬኩን ሽሮፕ ከነጠርሙሱ አንሥቶ በኮስታራው እንግዳዎ ራስ ላይ ገለበጠበት። የልጄን አድራጎት «ከደስታ መንፈስ ጋር የማይሄድ» ብለው በጽሑፍ ስለገለጹልኝ አመሰግናለሁ፤ ደብዳቤውን ማቀዝቀዣችን ላይ ለጥፈነዋል። ለሰውየው ግን እውነቱን ልመስክርለት፤ ገና ለጋ ወጣት ነው፤ ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ መስሎ ደረጃችን ላይ ተቀመጠና «የተሰጠኝን ጽሑፍ ነው ያነበብኩት እትዬ፣ ይቅር በሉኝ» ይል ነበር። ሽሮፑ በጆሮው እየወረደ ኮቱን ከፍቶ ድቡን አሳያት። ጆሊን ድቡን ደህና አድርጋ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ከድቡ በኋላስ የት ነው የሚወስዱኝ?» አለች።

አምስተኛ፣ ስለ ትልቁ ሰሌዳ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ልጅቷ እጇን ስትዘረጋልኝ የሚታይበትን ቁራጭ ብቻ አውጥታችሁ፣ ሙዚቃ ጨምራችሁ፣ «የዓመቱ ጨዋ ልጅ፤ ደስታዋ ቃል አሳጣት» ብላችሁ በፓርኩ ዋና በር ላይ በተሰቀለው የቪዲዮ ሰሌዳ እያሳያችሁ እንደሆነ የሰማሁት ከአማቴ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞች ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉን ደውለው። ለገና ካርድ ፎቶዋን ለመላክ እንኳ ከመንግሥት ፈቃድ የምንጠይቅላትን ልጅ እርስዎ የቤት ጣራ አሳክለው ሰቅለዋታል። ደስታ ያሉት ምን እንደሆነ አሁን ስለነገርኩዎ፣ ያውርዱልኝ።

ስድስተኛውና ዋናው ይኸውልዎ። «ስለተፈጠረው መጠነኛ ቅሬታ» የላኩልን የይቅርታ ደብዳቤ በድብ መዳፍ ማኅተም ታትሞ ደርሶናል። በውስጡም ለካሳ ያህል በዚህ በጋ ባላሰብነው ቀን፣ ባላሰብነው ሰዓት፣ ሌላ እንግዳ በራችንን እንደሚያንኳኳ አብስረውናል። ደወልኩ፤ ይቅርብን አልኩ። መሰረዝ አይቻልም፣ መዝገቡ ውስጥ ገብቷል፣ ተባልኩ። እሺ ቀኑን ንገሩኝ ብል፣ ቀኑን የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ነው፣ እኛም አናውቀውም የኔ ማር፣ ተባልኩ።

እንግዲህ ይህ ካሳዎ ምን እያደረገ እንደሆነ ልንገርዎ። ጆሊን ሰማች፤ በዚህ ቤት ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም ብለን ስለማልን ራሳችን ነገርናት። ከረጢቷን አልፈታችም። ልብሷን በየቀለሙ የደረደረችባቸው መሳቢያዎች ባዶ ናቸው። ደወል በጮኸ ቁጥር፣ ፖስተኛም ይሁን ጎረቤት፣ ትሮጥና ጫማዋን ታደርጋለች። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛችን «እዚህ መኖር ትፈልጊያለሽ?» ብላ ብትጠይቃት «እነሱ እስከፈቀዱ» ብላ መለሰችላት። ዳኛዋም ፊት ይህንኑ ብትደግም ማን ይፈርድባታል? እኔ የምፈራው ይህንን ነው፤ ሌላ ምንም አልፈራም። ይህች ልጅ አፏን ሞልታ እፈልጋለሁ እንድትል ከእኛ የሚያስፈልጋት ደስታ አይደለም። በሩን የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ አስቀድማ ማወቅ ነው። ከዚያም ቀናት ሲያልፉ ማንም ሳይመጣ መቅረቱን ማየት ነው።

ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምለምንዎ፣ ሰሌዳውን እንዲያወርዱ፣ ኮምፒውተርዎንም ለምነው ወይም ገመዱን ነቅለው ስማችንን እንዲያስወጡልን ነው። መጽሐፍዎን ደግሞ እንደገና ሲያሳትሙ ሃያ አንደኛ መላ እንዲጨምሩ በትሕትና አሳስባለሁ፤ እሱም «ልጆችዎን ቁጭ አድርገው ይንገሯቸው» የሚል ነው። ያለ ካሜራም ይሠራል።

ደስታ ሳንጠይቅዎ ላደረሱን፣ አይሆንም ስንልዎ ላሳደጉን፣ ይብቃን ስንልዎ ለደገሙልን ለእርስዎና ለመምሪያዎ፣ በሕይወትዎ ሁሉ ነገር በቀጠሮ እንዲመጣልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ሮዛሊንድ ሃቨርካምፕ
ፓይን ፎርክ፣ ኦሃዮ

ማስታወሻ፦ ትኬቱ ባክኖ እንዳይቀር ባለፈው ቅዳሜ ፓርክዎ መጥተን ነበር። በዋናው በር ብንገባ ጆሊን ራሷን ግድግዳ አክላ ታያለች ብለን በአውቶቡሶቹ በር በኩል ገባን። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብለን እራት ላይ ሁሉንም ነግረናት ነበር፤ በየት መንገድ እንደምንሄድ፣ ምሳ ምን እንደምንበላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ ቤት እንደምንመለስ። መመለሱን ደጋግማ አስነገረችን። ፓርኩ ውስጥ ሰው ሁሉ በሚምዘገዘገው የመጫወቻ ባቡር ላይ ሲጮህ እሷ የትሬቨርን ሰዓት ይዛ ዝም ብላ ዋለች፤ ሰውም አላስቸገረች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናችን ወጥቶ ወደ ፓይን ፎርክ መንገድ ሲታጠፍ ግን «እውነትም እየተመለስን ነው» አለችና እልል ብላ እጇን እያጨበጨበች እስከ ነዳጅ ማደያው ድረስ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ሰምተናት አናውቅም። ኖርበርት ዕንባውን እየጠረገ፣ ከፓርኩ ሁሉ የትኛውን እንደወደደች ጠየቃት። «መውጫውን» አለችው። ይህንን በትልቁ ሰሌዳዎ ላይ ቢጽፉት ፈቃዳችን ነው።