ሁለት መቶ አንድ ስግደት

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

የጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ዛሬ ጭር ብሎ ዋለ። ስልኬን ስጎረጉር አረጋን አገኘሁት… የቅጠል ዱቄት ሻጩን። "ስኳር በሽታ በሃያ አንድ ቀን ድራሹ ይጠፋል፤ ክኒናችሁን ጣሉ" ይላል በቪዲዮ። ደሜ ፈላ። ፌስቡክ ላይ ጻፍኩ፦ "ይሄ ቅጠል በጣሽ ሌባ ነው። የሚያምኑት ደግሞ ደነዞች ናቸው።" ሦስት መቶ ላይክ! እራቴን እየሳቅኩ በላሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

አረጋ መለሰልኝ። "እህቴ ሰገነት፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ።" በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ሁሉ "ምን ያለ ጨዋ ነው!" እያለ ዱቄቱን ያዝዛል። እውነቱን የተናገርኩ እኔ… ባለጌዋም እኔ?

እሁድ፣ መጋቢት 7

ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ደርበው ተናዘዝኩ። ሰው ሰድቤያለሁ አልኳቸው።

"ስንት ሰው?"

"አንድ… እና ዱቄቱን የገዙትን።"

"እነሱስ ስንት ናቸው?"

"ሁለት መቶ እሽግ ሸጥኩ ይላል።"

"እንግዲያው ሁለት መቶ ስግደት።" ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። "ሁለት መቶ አንድ አድርጊው። የእኔን እሽግ ቆጥሮት እንደሁ እንጃ።"

ቀና ብዬ አየኋቸው። ስኳር ከያዛቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ክኒናቸውን የምሰጣቸው እኔው ነኝ።

"ክኒኑንስ አባቴ?"

"ከተውኩት ወር ሊሆነኝ ነው።"

"ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ልነግርሽ ነበር። ልጄ ጽሑፍሽን አነበበችልኝ… ደነዝ ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

አፈርኩ። በጣም አፈርኩ። እሁድ ስለማይሰገድ ለዛሬ ተርፌያለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ወይ ጉልበቴ! ሰግጄ እንደጨረስኩ የስኳር መለኪያ ይዤ እያነከስኩ መምሬ ቤት ሄድኩ። ስኳራቸው እህል ሳይቀምሱ ሦስት መቶ አርባ… መሆን ካለበት ከእጥፍ በላይ። ደነገጥኩ፤ ክፉ ቃል ግን አልወጣኝም። ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳቸው፣ ክኒናቸውን ጀመሩ።

የሐሙሱን አጥፍቼ ሌላ ጻፍኩ፦ "ይህ ዱቄት ስኳርን እንደሚያድን ማስረጃ የለም። ክኒን ያቆማችሁ ኑ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ስለተሳደብኩ ይቅርታ።" ላይክ… ዘጠኝ። አንዱ የእናቴ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ላይኩ አሁንም ዘጠኝ። ሰው ግን መጣ… እስከ ዛሬ አሥራ አንድ። ሁሉም "ለጎረቤቴ ልጠይቅ ብዬ ነው" ይላል። መምሬ ደርበው ከአግዳሚው ላይ "እኔስ ለራሴ ነው የመጣሁት!" ሲሉ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ከሰዓት አንድ ሰው ኮፍያውን ግንባሩ ድረስ ደፍቶ፣ አንዲት እናት ደግፎ ገባ። አረጋ!

"እናቴ ናቸው… ስኳር አለባቸው። ክኒን አቁመው ነበር።"

በምን እንደተኩት መጠየቅ አላስፈለገኝም። "ሌባ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ… ዋጥኩት።

"ካርድ አውጥታችኋል?" አልኩት።