ላለቀ ጦርነት የጾምነው ጾም

ለውድ እህቴ ለመሰለች፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እዚያ አውስትራሊያ አሁን ብርድ እንደሆነ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው ትዝ የሚለኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማዬም ግፊት ወርዷል። ወጥቶ እንደነበር በስልክ ያልነገርኩሽ አጠገቤ ተቀምጣ ስለምትቆነጥጠኝ ነው።

ወታደሩ ልጅሽ ኪብሮን ያንን ፎቶ ሲልክልን ምንም አልጻፈበትም። የወታደር ልብስ፣ ትልቅ ሻንጣ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ከኋላው ጫካ። ደወልን፤ አይነሳም። ማታ አንቺ «ከጓደኞቹ ጋር ኒው ጊኒ ነው፣ ስልክ አይሠራም፣ አታስቡ» ብለሽ ጻፍሽና ሥራ ገባሽ።

አታስቡ! እኛ ቤት ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ረሳሽው? የአባዬ ጊዜም «ትንሽ አሞታል፣ አታስቡ» ነበር የተባልነው። እማዬ ልጅሽ ጦር ሜዳ እንደገባ፣ አንቺም እንደደበቅሽን ቆረጠች። እኔም አመንኳት። አንቺን እንዳናስጨንቅ ብለን አልጠየቅንሽም።

ስሙ ለቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን ተሰጠ። ሴቶቹ ሳምንቱን ጾሙ። እኔ እጽዋት ማዕከል ችግኝ ሳጠጣ እውላለሁ። ጭጋጉ ከእንጦጦ ሲወርድ ዛፍ መሃል ሰው የቆመ ይመስለኛል። ቀና እላለሁ። ማንም የለም።

ሐሙስ ራሱ ደወለ። ይስቃል። የሄዱት የድሮ ወታደሮቻቸው የተዋጉበትን መንገድ በእግር ለመሄድ፣ እነሱን ለማሰብ ነው። እማዬ «ውጊያ የለም?» አለችው። «ካለቀ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆነው እኮ፣ እማማ!» «ታዲያ ምን ጭቃ ውስጥ ከተተህ?»

ነገራት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች የኒው ጊኒን ተራራ አቋርጠው በደቡብ በኩል ወዳለው ወደብ ሲመጡ፣ ከዚያ ወዲያ የቀረው ባሕሩና የአውስትራሊያ ምድር ነበር። መጀመሪያ ከገጠሟቸው ብዙዎቹ በቅጡ ያልሠለጠኑ፣ ከእሱ የሚያንሱ ልጆች ነበሩ። እያፈገፈጉ አዘገዩአቸው፤ በኋላም ገፍተው መለሷቸው። ከጥይቱ ይልቅ በሽታው ብዙ ሰው ጣለ። ቁስለኛውን በቃሬዛ ተሸክመው በዚያ ገደል ያወረዱት የአገሩ ሰዎች ናቸው።

እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ «እናቶቻቸውስ የት እንዳሉ ያውቁ ነበር?» አለችው። «እሱን አላውቅም» አላት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አለቀሰች። የእፎይታ ነው መሰለኝ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳቅን።

ዛሬ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ቆመች። የጸሎት ቡድኑ መሪ እትዬ አበራሽ «የሺ፣ ላለቀ ጦርነት ነው እንዴ አንጀታችንን ያጠፍሽው?» ስትላት ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። እማዬም ሳቀች። ስሙን ግን ከጸሎቱ አላወጣም አለች፤ ወታደርነቱ መች ቀረ? ይህን ስትል የሳቀ የለም።

መሰሉ፣ ከእንግዲህ «አታስቡ» አትበይን። የሆነውን ንገሪን፤ ማሰቡን ለእኛ ተይልን።

ባለቤትሽን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ሶሊያናን ሳሚልኝ። ሄራንን ቁመቷ ስንት እንደደረሰ ጠይቂያት። ኪብሮንን እማዬ «ፎቶ ስትልክ ሁለት ቃል ጻፍበት» ብላዋለች፤ ቀጥላም «ባትጽፍም ላክ» አለች።

እህትሽ ሚልካ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.