‹ይለመዳል› ላላችሁኝ፦ ስለ ታች መንጋጋዬ የቀረበ ምስጋና

በሶዶ ከተማ ፎቅ ላይ ላላችሁ፣ ነጭ ልብሳችሁ ለማይቆሽሽ፣ ስማችሁን ግን እናንተን በማክበር ላልጻፍኩት የጥርስ ክሊኒክ ኃላፊና ሐኪሞች፤

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እንደምን ከርማችኋል? ቤተሰብ፣ ልጆች ደህና ናቸው? ከሁሉ በላይ ግን ጥርሳችሁ እንደምን አለ? ፈጣሪ አንዱንም ሳያጎድል እስከ እርጅናችሁ ያቆይላችሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ጥርስ የሌለው ሰው ለሌላው የሚመኘው ከዚህ የበለጠ ነገር የለውም።

እኔ ኤርካሎ አንጁሎ እባላለሁ። በዴሳ ተወልጄ ሶዶ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኜ ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ። ልጄ ትዕዛዝ አስተማሪ ናትና እኔ ልጻፍልህ ብላኝ ነበር፤ የመንጋጋው ባለቤት እኔ ነኝ ብዬ እምቢ አልኳት። እሷ ያደረገችው በስልኳ አንስታ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ማውጣት ብቻ ነው።

የምጽፍላችሁ ለማመስገን ነው። ምስጋናው ብዙ ስለሆነ እንዳይጠፋባችሁ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ፦ የታች ጥርሶቼን በነቀላችሁ ጊዜ ስላሳያችሁኝ ፍጥነት አመሰግናለሁ። የሚነቃነቁት ጥቂቶቹ ነበሩ፤ ደህናዎቹም ብቻቸውን ቀርተው ምን ይሠራሉ ተብሎ አብረው ሄዱ። በምትካቸው ድዱ ሮዝ የሆነ፣ የሚወልቅ አርቴፊሻል ጥርስ ሰጣችሁኝ። ሲያዩት ያምራል። ያን ጊዜ ባለቤቴ ብርሃኔ በሕይወት ነበረች፤ ማታ ኩባያ ውሃ ውስጥ ሳስቀምጠው አየችና የሚስቀው ለኩባያው ነው እንጂ ለአንተስ አልሳቀልህም አለችኝ።

፪ኛ፦ ‹ይለመዳል› ስለሚባለው መድኃኒታችሁ አመሰግናለሁ። ጥርሱ ስናገር ይነሳል፣ ስበላ ይንሸራተታል ብዬ መጣሁ፤ ‹አባቴ፣ ይለመዳል› አላችሁኝ። ድዴ ቆስሎ መጣሁ፤ ጥርሱን ሞረድ ሞረድ አድርጋችሁ ይለመዳል አላችሁኝ። ከርሞ ደግሞ ሰፋብኝ ብዬ ብመጣ ማጣበቂያ ሰጥታችሁ ያንኑ ደገማችሁልኝ። እኔ ግትር ሰው ነኝ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይመሰክራል፤ የተማረ ሰው ሲነግረኝ ግን እሰማለሁ። ስለዚህ ለመድኩ። ቆሎ መተው ለመድኩ። የበቆሎ እሸት ሲጠበስ ሽታውን ይዤ ማለፍ ለመድኩ። ጸሎት ቤት ሲዘመር ከንፈሬን ብቻ ማንቀሳቀስ ለመድኩ። ብርሃኔ ጓዳ ገብታ ሥጋዬን ማንም ሳያያት ከትፋ እየሰጠችኝ ‹የዛሬው በሬ ለስላሳ ነው› ስትል እሱንም ለመድኩ። እሷ ካረፈች በኋላ ያለውን ግን ገና አልለመድኩትም። እሱ በእናንተ ክፍል የሚታይ ስላልሆነ አላስቸግራችሁም።

፫ኛ፦ ጊፋታን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አብዛኞቻችሁ የዚሁ አገር ልጆች ናችሁ። ለማያውቅ አንባቢ ግን የእኛ የወላይታዎች ዘመን መለወጫ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ያርዳል። በእኛ ሰፈር ሥጋው ወደየቤቱ ከመሄዱ በፊት ታላቁ ሽማግሌ ይመርቃል፣ መርቆም ከጥሬው ሥጋ በዳጣ፣ በሚፋጀው የበርበሬ ማባያችን፣ ነክሮ መጀመሪያ እሱ ይቀምሳል። እሱ ሳይውጥ ቢላዋው ወደ ሌላ እጅ አይሄድም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ይህን በገዛ ጥርሱ አድርጎታል። ከእሱ በኋላ ታላላቆቼ አንድ በአንድ አለፉና ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ።

በዚህ ጊፋታም መረቅኩ። ዓመቱን መረቅኩ፣ ልጆቹን መረቅኩ፣ ከብቱን መረቅኩ። ከዚያ ሥጋውን ነክሼ ከከንፈሬ ፊት በቢላዋ ልቆርጥ ሳብ ሳደርገው፣ የሰጣችሁኝ ጥርስ ሥጋውን አልለቅም አለ። ምስጋና ይድረሳችሁ፣ ከሰጣችሁኝ ጀምሮ አጥብቆ የያዘው ያን ቀን ብቻ ነው። ከአፌ ወጥቶ፣ ሥጋውን እንደነከሰ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተንጠልጥሎ ቀረ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር፤ ተሳድቤ እገላገል ነበር። ጎረቤቴ ሳሚ፣ ባጃጅ ነጂው፣ በሌላው ቀን በጩኸቱ ሰፈር የሚያውከው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ውሃ አስመጣና ጥርሱን አጥቦ፣ ለአባት እንደሚሰጥ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ‹አባባ፣ እርስዎ ይመርቁን እንጂ መቁረጡን እኛ እናግዝዎታለን› አለ። ቢላዋው ከእጄ መቼ እንደወጣ አላውቅም፤ አልሰጠሁትም፣ አልነጠቀኝምም። ብቻ ቆርጦ መጀመሪያ የቀመሰው እሱ ሆነ። ለእኔ ከቆጮና ከቅቤ ጋር የተለወሰ የተከተፈ ሥጋ፣ ሙቹዋ የምንለው፣ በሳህን ከነማንኪያው መጣልኝ። ጥርስ ካላወጡት ልጆች እኩል በማንኪያ በላሁ። ጣፋጭ ነበር። እሱ ነው የባሰው።

፬ኛ፦ በዓሉ ሲያልፍ ወደ እናንተ መጣሁ። ግድግዳችሁ ላይ አዲስ ሥዕል ተሰቅሏል። መንጋጋ አጥንት ውስጥ ብሎን የመሰሉ ብረቶች ይተከላሉ፤ አጥንቱ ጠበቅ አድርጎ ከያዛቸው በኋላ አርቴፊሻሉ ጥርስ እነሱ ላይ ቀጭ ብሎ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ራሱ ካላወለቀው ሥጋ አያወልቀውም። ኢምፕላንት ይባላል አላችሁኝ። ዕቃ የማያምረኝ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን እንደ ሕፃን ፈለግሁት። ዶክተሩ ራጅ አነሱኝ፣ ፊልሙን ብርሃን ላይ ያዙት።

‹አባቴ፣ አጥንቱ አልቋል። ብረቱን የሚይዝልን የለም። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ።›

ቀደም ብዬማ መጥቼ ነበር። በዝናብ መጥቻለሁ፣ በፀሐይ መጥቻለሁ፤ ወንበራችሁ ጀርባዬን ከእኔ አልጋ ይልቅ ያውቀዋል። ምናልባት ያየሁት ሌላ ክሊኒክ፣ ያናገርኩትም የእናንተን ልብስ የለበሰ ሌላ ሰው ይሆናል።

ለምን አለቀ ብዬ ብጠይቅ ዶክተሩ በትሕትና አስረዱኝ፤ በዚህስ የምር አመሰግናቸዋለሁ። ጥርስ ሲነቀል ሥሩ የነበረበት አጥንት ሥራ ያጣል፤ ሥራ ሲያጣ ይመነምናል፤ ላዩ ላይ የሚንሸራተት ጥርስ ሲጫነው ደግሞ ይብስበታል። ብረቱ በጊዜው ቢተከል ኖሮ አጥንቱ እንደ ጥርስ ሥር ቆጥሮት ብዙው በቦታው ይቆይ ነበር። እኔ የማውቀው በሬን ነው፤ በሬ ሥራ ሲያጣ ይሰባል። አጥንት ሥራ ሲያጣ እንደሚከሳ የነገረኝ አልነበረም። እንግዲህ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እኔ ስለምድ እሱ ሲያልቅ ኖሯል። አዲስ አበባ ሄዶ አጥንት ማስጨመር አለ አሉኝ፤ ስኳሬንና ዕድሜዬን አይተው ደግሞ እኔ ግን አልመክርዎትም አሉ። እውነት ነው የተናገሩት። እውነቱ መንጋጋዬ ካለቀ በኋላ መምጣቱ ነው እንጂ።

ታዲያ ምን ላድርግ አልኳቸው። ምን ብለው እንደመለሱልኝ አልጽፈውም፤ እናንተ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ።

፭ኛ፦ ይህ እንኳ ምስጋና ሳይሆን ልመና ነው። ጎረቤቴ ነስረዲን፣ ባለሱቁ፣ ቤተሰቦቹ ከስልጤ መጥተው እዚሁ የኖሩት፣ የታች ጥርሶቹ መነቃነቅ ጀምረዋል። ሊያስነቅል እናንተ ዘንድ ቀጠሮ ይዟል። እሱና እኔ የምንበላው ሥጋ የየራሳችን ነው፣ በጥርስ ሕመም ግን አንድ ጉባኤ ሆነናል። ስለ አጥንቱ ብነግረው ሳቀብኝ፦ ‹ኤርካሎ፣ ሐኪሙ ያልነገረኝን አንተ ከየት አመጣኸው?› አለኝ። ልክ ነው፤ እኔ ማን ነኝና? ስለዚህ እናንተ ንገሩት። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ንገሩት፤ አፉን ከከፈተ በኋላ እጃችሁ ውስጡ ስለሚሆን ሰው መጠየቅ አይችልም። ደህናዎቹ ጥርሶች ይቆዩ እንደሆነ፣ ብረቱ ይቻል እንደሆነ፣ ዝም ቢባል ምን እንደሚያልቅ ንገሩትና ራሱ ይምረጥ። ባይመርጠውም እንኳ አውቆ ይተወው።

የእኔ እንግዲህ አልቋል። አባቴ ያስረከበኝን ነገር ለሚቀጥለው በክብር ሳላስረክብ ከእጄ ወጣ። ማንን ልክሰስ? አጥንት ቀለጠብኝ ብዬ የት አባቴ እሄዳለሁ? ሸንጎ ብቆምስ ገና አቤት ስል ጥርሱ ቀድሞኝ ይወጣል። ብርሃኔ ብትኖር ኖሮ ሥጋውን በድብቅ ትከትፍልኝ ነበር፤ የጊፋታን የመጀመሪያ ጉርሻ ግን እሷም ብትሆን ልትደብቅልኝ አትችልም፤ ሁሉ ሰው የሚያየው እሱን ነውና። ለሚመጣው ጊፋታ እመርቃለሁ። ከዚያ እጄን አጣጥፌ ማንኪያዬን እጠብቃለሁ።

ለትዕግሥታችሁ ሳይሆን ላስተማራችሁኝ ትዕግሥት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ሥራችሁ እንዲሰፋ፣ ወንበራችሁ ባዶ እንዳይውል፣ ግድግዳችሁ ላይ ያለው ሥዕልም ከመንቀላችሁ በፊት የሚታይበት ቦታ እንዲሰቀል እየተመኘሁ፣ በድዴ ፈገግ ብዬ እሰናበታችኋለሁ።

የዘወትር ደንበኛችሁ
ኤርካሎ አንጁሎ
ወላይታ ሶዶ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ፤ ማንንም እንደማይመለከት ባውቅም።

ማስታወሻ፦ ከራጁ በኋላ ስወጣ በር ላይ የተቀመጠችው ልጃችሁ፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ የክሊኒኩ ስጦታ ነው ብላ አዲስ የጥርስ ብሩሽ ሰጠችኝ። ስጦታ አይመለስምና ተቀበልኩ። ብሩሹን ለሳሚ ሰጥቼዋለሁ። ከእንግዲህ የሰፈራችንን በሬ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ ስለሆነ ጠዋት ማታ እንዲቦርሽ፣ ዕድሜ ልኩንም የእናንተን ደረጃ እንዳይወጣ መርቄዋለሁ።